የሕንድ ሳሞሳ፣ ጀለቢና ጉላብ ጃሙን በቤት ውስጥ፦ እሳቱን ዝቅ አድርጉት

ሳምቡሳ መጥበስ የሚችል ሰው የሕንድ ሳሞሳ አያቅተውም ብዬ ነበር የማስበው። ሻርጃ ውስጥ አንዲት ትንሽ የሕንድ ካፊቴሪያ ሥራ በጀመርኩ ሳምንት የጠበስኩት የመጀመሪያ ሳሞሳ ላዩ ፊኛ በፊኛ ሆኖ፣ ከውጭ ጠቁሮ፣ ሲቆረስ ቂጣው ሊጥ እንደሆነ ወጣ። ከፑንጃብ የመጣው ዋና ወጥ ሠሪ፣ ሁላችንም «ኡስታድ» የምንለው፣ አንዱን አንሥቶ በጥፍሩ ቆረቆረው። ድፍን ድምፅ። ቀጥሎ የራሱን ሳሞሳ ቆረቆረው፤ እንደ ደረቅ ቅል ቋ አለ። «ዲሚ አንች» አለኝና ምድጃውን ዝቅ አደረገው። በቀስታ እሳት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከእሱ የሰማሁት ምክር ቢጠራቀም ግማሹ ይኸው ነው።

ስሕተቴ ከየት እንደመጣ አሁን ይገባኛል። የኛ ሳምቡሳ ቂጣ እንደ ወረቀት ስስ ስለሆነ የጋለ ዘይት ይስማማዋል፤ ገባ፣ ቀላ፣ ወጣ። የፑንጃቡ ሳሞሳ ግን ቂጣው ወፍራም ነው፤ ቅባት በብዛት ታሽቶበት በቀስታ የሚደርቅ። ሁለቱ አንድ ዘር ናቸው፤ ስማቸውም የወጣው «ሳንቦሳግ» ከሚለው የፋርስ ቃል ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን ዴልሂ የደረሰው መንገደኛ ኢብን ባቱታ በሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ግብር ላይ ያየውን ሲገልጽ፣ ሥጋው ተከትፎ ከአልሞንድና ከፒስታሽዮ፣ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ በቅቤ የተጠበሰ ነበር ይላል። ድንቹ የገባው ፖርቱጋሎች ከአሜሪካ ወደ ሕንድ ካመጡት በኋላ ነው።

ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት

ቅመሙ ሩቅ አይደለም። ሕንዶች «አጅዋይን» የሚሉትና የሳሞሳ ቂጣ ውስጥ የማይቀረው ፍሬ የኛው ነጭ አዝሙድ ነው። ይህን ሳላውቅ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ሠርቻለሁ፤ አንድ ቀን በመዳፌ አሽቼ ሳሸተው የእናቴ ማጀት ትዝ አለኝ። ከሙን ያው ከሙን፣ ድምብላል ያው ድምብላል፣ እርድም ያው እርድ ነው። ኮረሪማ ግን ሄልን አይተካም፤ ለጣፋጮቹ አረንጓዴውን ሄል ግዙ። ጋራም ማሳላ ካጣችሁ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ቁንዶ በርበሬና ከሙን በትንሽ በትንሹ ቆላ አድርጋችሁ ፍጩ። የመከለሻ የቅርብ ዘመድ ነው፤ መከለሻው ራሱ ግን ኮረሪማው ስለሚያይል አይሆንም።

ዱቄቱ ነጩ ፉርኖ ዱቄት ነው፤ ሕንዶች «ማይዳ» ይሉታል። የሽምብራ ዱቄት ሲባል ደግሞ ንጹሕ ሽምብራ ማለት ነው፤ ሽሮ ተቆልቶ ቅመም የገባበት ስለሆነ አይሆንም። ውጭ አገር ያላችሁ ሕንድ ሱቅ ገብታችሁ «ቤሰን» ብትሉ ይሰጧችኋል።

ቅቤን በተመለከተ አንድ ነገር ልናዘዝ። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ለእንግዳ ጉላብ ጃሙን (ተጠብሶ በሽሮፕ የሚነከር የወተት ኳስ) ስሠራ ቤት የነበረውን ንጥር ቅቤ ጨመርኩበት። እንግዶቹ ጨዋ ስለነበሩ በሉልኝ፤ ግን ኮሰረትና ጽጌረዳ ውሃ አንድ ላይ አፍ ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን እኔም ቀምሻለሁ። ለጣፋጭ ቅቤ ስታነጥሩ ምንም ቅመም አትክተቱበት።

ሳሞሳ

ለ14 ሳሞሳ 250 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅመም የሌለው የቀለጠ ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያስፈልጋል። ለውስጡ ግማሽ ኪሎ ድንች፣ አንድ እፍኝ የተቀቀለ የአተር እሸት፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙንና ሸክሸክ የተደረገ ድምብላል፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል፣ ሁለት ቃሪያ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጋራም ማሳላ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ጨውና የድምብላል ቅጠል። በዘይት ከሠራችሁት የጾም ነው።

መጀመሪያ ቂጣው። ዱቄቱን፣ ጨውንና ነጭ አዝሙዱን ቀላቅላችሁ ዘይቱን አፍስሱና ውሃ ሳታስጠጉ በሁለት መዳፍ እሹት። ይህን ቅባት «ሞየን» ይሉታል። ዱቄቱ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መድረሱን ለማወቅ ጥቂት በጭብጣችሁ ጨምቁ፤ እጃችሁን ስትከፍቱ የጣታችሁን ቅርጽ ይዞ ከቆመ በቅቷል፣ ከተበተነ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ቅባቱ ዱቄቱን በደንብ ካለበሰው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ ሊጡን እንደ ዳቦ እንዲለጠጥ አያደርገውም፤ ሲጠበስ ፍርክስክስ የሚለው ለዚህ ነው።

ውሃውን በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ ጠንካራ ሊጥ አድርጉት። ለስላሳ መሆን የለበትም፤ «ይሄ ነገር አልቦካም» የሚያሰኝ ቢሆን ይሻላል። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ግማሽ ሰዓት አሳርፉት።

ሊጡ ሲያርፍ ድንቹን ቀቅሉ፤ ከነልጣጩ፣ ውሃ እንዳይጠጣ። ላጡትና በእጃችሁ ፈርፍሩት፤ አትፍጩት፣ ገንፎ ይሆናል። በሁለት ማንኪያ ዘይት ከሙኑን አስጮኹ፤ ቀጥሎ ድምብላሉ፣ ዝንጅብሉና ቃሪያው ይግባ፤ ሽታው ሲወጣ ድንቹንና አተሩን ጨምራችሁ ጥቂት ድንች ከድስቱ ግርጌ እስኪይዝና ቀላ እስኪል አገላብጡ። ሎሚው፣ ጋራም ማሳላውና ቅጠሉ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይገባሉ። ኡስታድ የሚጨምረው የደረቀ ያልበሰለ ማንጎ ዱቄት ነበር፤ ሎሚ ያንን ይተካል። መሙላት የምትጀምሩት ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው። ትኩስ ድንች እንፋሎቱ ቂጣውን ከውስጥ ያረጥበዋል።

ሊጡን ሰባት ቦታ ከፍላችሁ እያንዳንዱን በመዳመጫ ሞላላ አድርጋችሁ ዳምጡ፤ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ያህል፣ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር። ዱቄት አትነስንሱ፣ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ያራል። በመሐል ለሁለት ቁረጡት። ግማሹን ጨረቃ በመዳፋችሁ ላይ አድርጉ፣ ቀጥ ያለውን ጠርዝ በውሃ አርጥቡና ሁለቱን ጫፍ አደራርባችሁ እንደ ቆሎ መጠቅለያ ወረቀት ሾጣጣ ሥሩለት። ጫፉን በደንብ ቁንጥጥ አድርጉ፤ ዘይት የሚገባው በዚያ ነው። ሁለት ሦስተኛውን በድንቹ ሙሉ። ከአፉ ጠርዝ፣ ከመጋጠሚያው ትይዩ ባለው በኩል ትንሽ እጥፋት አበጁና አፉን በውሃ አርጥባችሁ ጨፍኑት። እጥፋቷ ጌጥ ብቻ አይደለችም፤ ሳሞሳው ቁጢጥ ብሎ እንዲቀመጥ የምታደርገው እሷ ናት። ሁሉንም ሠርታችሁ ሳትሸፍኑ ሩብ ሰዓት ተዋቸው፤ ላያቸው ትንሽ ይድረቅ።

አሁን ዘይቱ። ቴርሞሜትር ካላችሁ 130 ዲግሪ። ከሌላችሁ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ሊጥ ጣሉበት፦ ከግርጌ ወርዳ እስከ አምስትና ስድስት ቆጥራችሁ ጥቃቅን አረፋ እየተፋች ቀስ ብላ ከወጣች ልክ ነው። ወዲያው ዘላ ከወጣች ግሏል፤ ምድጃውን አጥፍታችሁ ጠብቁ። ሳሞሳዎቹ ሲገቡ መስመጥ አለባቸው። ጩኸት የለም፣ ጸጥ ያለ አረፋ ብቻ። የማያውቅ ሰው ምድጃው የጠፋ መስሎት እሳት የሚጨምረው እዚህ ላይ ነው። እጃችሁን ሰብስቡ። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ በኋላ ተንሳፍፈው ላያቸው ጠንከር ይላል፤ ያኔ እሳቱን ጨምራችሁ ቀይ ወርቅማ እስኪሆኑ አገላብጡ። ጠቅላላው ወደ 20 ደቂቃ ይጠጋል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዘይቱ ሲግል ላዩ ላይ ያለው እርጥበት በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ቂጣውን ይነፋዋል፤ ፊኛው ከዚያ ይመጣል። ላዩ ሲዘጋ የውስጡ እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ሳሞሳው ከወጣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ያ እርጥበት ተመልሶ ያልመዋል። በቀስታ የተጠበሰ ሳሞሳ ግን ማታ ድረስ ይንኮሻኮሻል። ለአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሊጡ ውስጥ ያለው ውሃም ቶሎ እንፋሎት ይሆናል፤ ስለዚህ በባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ የመጥበሻ ሙቀት ለኛ አሥር ዲግሪ ያህል ዝቅ ቢል ደግ ነው።

ማጥቀሻው በሁለት ደቂቃ ይደርሳል፦ የድምብላል ቅጠል፣ ጥቂት ናና፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ጨው አንድ ላይ መፍጨት ነው። ጣፋጭ የሚወድ ሁመር ዘፍዝፎ ከስኳርና ከተቆላ ከሙን ጋር ያፍላ።

ፓኮራ፣ ከሕጉ የወጣው

ፓኮራ ግን የጋለ ዘይት ይፈልጋል። ሁለት ትልልቅ ሽንኩርት በቀጭኑ ቀንጥቡ፣ ጨው ነስንሳችሁ አሥር ደቂቃ ተዉት፤ ውሃ ያወጣል። በዚያው ውሃ ላይ 100 ግራም ያህል የሽምብራ ዱቄት፣ ነጭ አዝሙድ፣ እርድና ቃሪያ ጨምራችሁ ለውሱ። ሌላ ውሃ ካስፈለገ አንድ ሁለት ማንኪያ ብቻ። ዱቄቱ ሽንኩርቱን ያያይዘው እንጂ አይሸፍነው። በጣት ቆንጠር እያደረጋችሁ በ170 ዲግሪ ሦስት አራት ደቂቃ ጥበሱ። በሌላ ስሙ ባጂያ ነው፤ ሶማሌዎችና የመኖችም በዚህ ስም የራሳቸው ዓይነት አላቸው።

ጀለቢ

ድሬዳዋ ወይም ሐረር ያደገ፣ ወይም በረመዳን መርካቶ የዞረ ሰው በሽሮፕ የተነከረውን ጥቅልል ጣፋጭ፣ ሙሸበክን ያውቃል። ጀለቢ ያው ቤተሰብ ነው፤ ስሙም «ዘላቢያ» ከሚለው የዐረብ ቃል የመጣ ነው። አሮጌው ዴልሂ ቻንድኒ ቾክ ውስጥ ከ1884 ጀምሮ ጀለቢ የሚሸጥ ቤት እስከ ዛሬ አለ። ኢንዶር ከተማ ደግሞ ጠዋት ቁርስ ላይ ፖሃ ከሚባል የሩዝ ምግብ ጋር ይበሉታል፤ ጨውና ስኳር በአንድ ሰሐን።

ጀለቢ ላይ እንጀራ ጋጋሪ ብልጫ አለው፤ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው መቡካቱ ላይ ነው። 130 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ እርጎና ቁንጥር እርድ ለውሱ። ውሃ ቀስ በቀስ ጨምራችሁ ከእንጀራ ሊጥ ወፈር ያለ ይሁን፤ ከጭልፋ ሲፈስ ሳይቆረጥ እንደ ጥብጣብ የሚወርድ። ቆላ ወይም ባሕረ ሰላጤው አገር ላላችሁ 12 ሰዓት ይበቃል፤ አዲስ አበባ በክረምት 24 ሰዓት ጠብቁ። ላዩ ዓይን ሲያወጣና ሲሸት ኮምጠጥ ሲል ደርሷል። በጾም እርጎውን በውሃና በግማሽ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ መተካት ይቻላል፤ በአንድ ሰዓት ኩፍ ይላል፣ ያቺ ኮምጣጣ ጣዕም ግን የለችም። ስኳሩን የምትሸከመው እሷ ስለሆነች ጊዜ ካላችሁ ዋናውን ሥሩ።

ሽሮፑን ከመጥበሳችሁ በፊት አዘጋጁ፦ 300 ግራም ስኳር፣ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ሦስት የተሰነጠቀ ሄል፣ ከተገኘ ጥቂት ዛፍራን። ሲፈላ አንድ የሻይ ማንኪያ ሎሚ ጨምሩ፤ ስኳሩ ተመልሶ እንዳይረጋ ይከላከላል። መድረሱን የሚነግራችሁ ጣታችሁ ነው። ጠብታ በሰሐን ላይ አቀዝቅዙ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፤ አንዲት ቀጭን ክር ተዘርግታ ከቆየች አውርዱት። መጻሕፍት «105 ዲግሪ» ይላሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ያው ክር የሚመጣው ወደ 97 ዲግሪ ግድም ነው። እኔ ቴርሞሜትሩን አምኜ 105 እስኪሞላ ጠብቄ ጀለቢ ሳይሆን ከረሜላ የለበሰ ነገር አውጥቻለሁ፤ ጥርስ አይገባበትም።

ሊጡን አፏ ቀጭን በሆነች የካቻፕ ፕላስቲክ ጠርሙስ ክተቱ። የዴልሂ ጣፋጭ ሠሪዎች መሐሉ የተቀደደ ወፍራም ጨርቅ ቋጥረው ይጨምቃሉ፤ ልምድ ይጠይቃል። መጥበሻው ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ዘይቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ይሁን። ሙቀቱ 160 ዲግሪ አካባቢ፤ የሊጥ ጠብታ ሳትቀላ ወዲያው ትውጣ። ጠርሙሱን ወደ ዘይቱ አስጠግታችሁ ከውጭ ወደ ውስጥ ሦስት ዙር አዙሩ፣ በመጨረሻ ክሩን በዙሮቹ ላይ አሻግራችሁ ቁረጡት፤ መቆለፊያው እሱ ነው፣ አለዚያ ሲገላበጥ ይፈታል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስቱ የሕፃን ሞነጫጭር ይመስላሉ። በሏቸውና ቀጥሉ። ሊጡ በዘይቱ ላይ ከተበተነ ቀጥኗል፣ ማንኪያ ዱቄት ጨምሩ፤ ጠፍጣፋ ከሆነባችሁ አልቦካም ወይም ዘይቱ ቀዝቅዟል።

በየጎኑ አንድ ደቂቃ ተኩል፤ ጠንከር ይበል እንጂ አይጥቆር። ከዘይት አውጥታችሁ በቀጥታ ወደ ሽሮፑ። ሽሮፑ ጣት የሚችለው ሙቀት ይኑረው፦ ከፈላ ጀለቢው ይሟሽሻል፣ ከቀዘቀዘ አይገባበትም። ጀለቢ ውስጡ ባዶ ቱቦ ነው፤ ትኩስ ሆኖ ሲገባ በውስጡ ያለው እንፋሎት ይቀዘቅዝና ሽሮፑን ይስበዋል። በየጎኑ 20 ሰኮንድ ይበቃል፤ አውጡት። ጥሩ ጀለቢ ስትነክሱት መጀመሪያ ይሰበራል፣ ከዚያ ይፈስሳል።

ጉላብ ጃሙን

ዋናው የሚሠራው ለሰዓታት ተማስሎ ከጠነከረ ወተት ነው፤ «ኮያ» ይባላል። ቤት ውስጥ የዱቄት ወተት ያንን ይተካል። 100 ግራም የዱቄት ወተት፣ 30 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ (አሁን የትኛውን ቅቤ እንደሆነ ታውቃላችሁ) በጣት ጫፍ እሹ፤ ሦስት አራት ማንኪያ ወተት ጨምራችሁ ሰብስቡት። አታሹት፣ መሰብሰብ ብቻ። መጀመሪያ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ አሥር ደቂቃ ሲያርፍ ይይዛል። መዳፋችሁን ቅቤ ቀብታችሁ ትንንሽ ኳስ አድብልቡ። ላዩ ስንጥቅ ካለው ዘይት ውስጥ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ከ15 አይብለጡ ከ12 አይነሱ ብላችሁ መጠኑን ከመቁጠር ይልቅ ላያቸው ለስላሳ መሆኑን እዩ።

እሳቱ እዚህም እንደ ሳሞሳው ዝቅ ይላል፤ የወተቱ ስኳር ቶሎ ይቃጠላል። በ130 ዲግሪ፣ ኳሶቹን ሳይሆን በዙሪያቸው ያለውን ዘይት በጭልፋ እያዞራችሁ፣ ሰባት ስምንት ደቂቃ። እየተንከባለሉ እኩል ቡናማ ይሆናሉ። ቸኩላችሁ ከሆነ ሲቆረጡ መሐላቸው ደረቅ ፍሬ ያለው ይመስላል፤ ሽሮፕ ያንን አያድነውም።

ሽሮፑ ከጀለቢው ይቀጥናል፦ 300 ግራም ስኳር በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ሄልና ጥቂት ጠብታ ጽጌረዳ ውሃ፤ ጣት ላይ ሙጭጭ ሲል ይበቃል፣ ክር አያስፈልግም። ትኩሶቹን በሞቀው ሽሮፕ ጨምራችሁ ሁለት ሰዓት ተዋቸው። ያብጣሉ፣ ስለዚህ ሰፊ ዕቃ።

ስለ ዘይቱ

ከድስቱ ግማሽ አትለፉ። እሳት ከያዘ ምድጃውን አጥፍቶ ክዳን መክደን ነው፤ ውሃ በፍጹም። በአዲስ አበባ ብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ትኩስ ሲበላ አይታወቅም፣ ሲቀዘቅዝ ግን ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ይለጠፋል፤ ለእንግዳ የምታቀርቡት ከሆነ የሱፍ ዘይት ተጠቀሙ። ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ከጥብሱ በኋላ አቀዝቅዛችሁ በጨርቅ አጥልላችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ መጠቀም ይቻላል፤ ከጠቆረ፣ ከወፈረ፣ ወይም ሳይግል መጨስ ከጀመረ ግን ጣሉት። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ጣፋጩ፣ ቀጥሎ ሳሞሳው፣ መጨረሻ ፓኮራው ነው፤ ሽንኩርት የገባበት ዘይት ለጀለቢ አይመለስም።

ጀለቢ አያድርም፤ የሚበላውን ያህል ብቻ ጥበሱ። ጉላብ ጃሙን ከነሽሮፑ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆያል። ሳሞሳን ለበዓል ቀድማችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ በቀስታው እሳት አሥር ደቂቃ ብቻ ጠብሳችሁ ሳይቀላ አውጡ፣ አቀዝቅዙና ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። እንግዳው በር ሲያንኳኳ ሳታቀልጡ ወደ ዘይት ጨምሯቸው፤ ያኔም ቢሆን በዝቅተኛ እሳት ጀምሩ፣ ሻይው እስኪፈላ ይደርሳሉ።